የዓርብ ስንቅ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ከኋላ የምትሰሙት ድምፅ የጎረቤት ጄኔሬተር ነው። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። ስልኬ ግን ቻርጅ አለው፣ ስለዚህ እናወራለን።

ከአንድ ነገር ልጀምር። እኔ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት እግሬ ስለተሰበረ ነው።

ይሄን ስናገር ሰው ይስቃል። ባለቤቴ ራሷ መጀመሪያ የነገርኳት ቀን ስቃ ነበር። ግን ቀልድ አይደለም። ቆይ፣ ከሥሩ ልንገራችሁ።

ያደግሁት ጎጃም ነው፣ ገጠር። ስምንተኛ ክፍልን እዚያው ቀበሌያችን ጨረስን። ዘጠነኛ ግን የለም። ዘጠነኛ ያለው ወረዳው ከተማ ነው፣ በእግር አራት ሰዓት። ወንዝ ሲሞላ ደግሞ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ወንዙ ነው የሚያውቀው። በ1998 ዓ.ም. መስከረም እኔና የአክስቴ ልጅ ከተማ ገብተን ቤት ተከራየን። ቤት ስላችሁ ደግሞ ጓዳ ነው። ወለሉ አፈር፣ በሩ ቆርቆሮ፣ መኝታችን አንድ መደብ፣ ለሁለት።

የገጠር ልጅ ከተማ ሲማር ትልቁ ጭንቀቱ ትምህርቱ አይደለም። ስንቁ ነው። ሻይ ቤት ገብቶ የሚበላበት ገንዘብ የለውም። ስለዚህ ምግቡ ከቤት ይመጣል። ዓርብ ከሰዓት ከክፍል እንደወጣን አንዳችን መንገድ እንጀምራለን። ማታ ቤት እንደርሳለን። ቅዳሜ ደግሞ የመጣ ልጅ ተቀምጦ አይበላም። አረም ከሆነ አረም፣ ውቂያ ከሆነ ውቂያ። እሑድ ጠዋት እንጀራው በጨርቅ ተጠቅልሎ ጆንያ ውስጥ ይገባል። ሽሮው በፌስታል፣ በርበሬና ጨው በሌላ ፌስታል። እሱን ተሸክሞ መመለስ ነው።

እስከ ረቡዕ ደህና ነን። ሐሙስ ላይ እንጀራው መሻገት ይጀምራል። ሻጋታውን በጣታችን ገፈፍ እናደርግና የቀረውን ፀሐይ ላይ እናሰጣለን። ድርቆሽ ይሆናል። ዓርብ የምንበላው ያንን ነው፣ ውሃ ነክረን፣ ጨው ነስንሰን። እስከ ዛሬ ድርቆሽ ፍርፍር ሆቴል ሜኑ ላይ ሳይ ዋጋውን አይቼ እስቃለሁ።

ተራ ነበረን። አንድ ሳምንት እኔ እሄዳለሁ፣ አንድ ሳምንት እሱ። አሥረኛ ክፍል ስንደርስ፣ በ1999 ዓ.ም.፣ የጥምቀት ሰሞን ነው፣ ተራው የእኔ ነበር። ወንዙን ስሻገር ድንጋዩ አዳለጠኝ። ቁርጭምጭሚቴ ተሰበረ። ወጌሻው ቀርከሃ ሰንጥቀው አሰሩኝና «አርባ ቀን እንዳትረግጥበት» አሉኝ። አርባ ቀኑ አለፈ፣ መርገጥም ጀመርኩ፣ ግን አራት ሰዓት ዳገት ቁልቁለት የሚችል እግር አልነበረም። እስከ ፈተናው ድረስ አልሆነም።

ስለዚህ የአክስቴ ልጅ ብቻውን ይመላለስ ጀመር። በየሳምንቱ። የሁለት ሰው ስንቅ ይዞ።

እኔስ? እኔ ጓዳዋ ውስጥ ቀረሁ። ቅዳሜ ሙሉ ቀን። እሑድ ሙሉ ቀን። አረም የለ፣ ከብት የለ፣ የሚጠራኝ የለ። እግሬን ጆንያ ላይ ሰቅዬ ማንበብ ብቻ። ፊዚክስ እንዴት እንደሚጣፍጥ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። እሱ እሑድ ማታ ይመጣል፣ ጆንያውን ያወርዳል፣ ኩራዙ ሥር ደብተር ይከፍታል፣ ከዚያ ደብተሩ ላይ ይተኛል። ትከሻው ላይ የገመዱ መስመር ቀይ ሆኖ ይታይ ነበር።

ግንቦት ላይ የአሥረኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ተፈተንን። እኔ አለፍኩ፣ መሰናዶ ገባሁ፣ አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ማለት ነው። እሱ ለጥቂት ቀረ። በሒሳብ ከእኔ ይበልጥ ነበር፤ ይሄን ትሕትና አድርጋችሁ እንዳትወስዱብኝ። ቀመሩን መሬት ላይ በእንጨት እየጫረ ያስረዳኝ የነበረው እሱ ነው።

ውጤት የሰማን ቀን እናቴ ምን አለች? «የአርባ ቀን ዕድልህ ነው ልጄ።» ለእሱም ያንኑ አለችው። «የአርባ ቀን ዕድልህ ነው፣ አትዘን።»

እስቲ ይቺን ቃል እንያት። ዕድል። በአማርኛ ሎተሪ የወጣለት ባለዕድል ነው። በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሣ የተጻፈለትም ዕድሉ ነው። (ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው፣ ዕድሏን ስንቆጥርላት ግን እሷንም በአርባው ነው። ያቺን አርባ ቀን ማን እንደወሰደባት እንጃ።) ሥራ ሲገኝም ዕድል ነው፣ ትምህርት ሲገኝም ዕድል ነው። ከሰማይ የሚወርደውንና ሰው ሊያመቻቸው የሚችለውን ነገር በአንድ ቃል ነው የምንጠራው። እኔ ይሄ ቃል በጣም ያስቸግረኛል። ባለሥልጣን ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ «ለዜጎች እኩል ዕድል» ሲል የትኛውን ዕድል እንደሚል አላውቅም። ሎተሪውን ነው? የአርባ ቀኑን ነው? ወይስ መንገድና ዳቦ?

ሕገ መንግሥቱ ላይ ተጽፏል እኮ። አንቀጽ 89 ንዑስ 2። መንግሥት ኢትዮጵያውያን ኑሯቸውን ለማሻሻል እኩል ዕድል እንዲኖራቸው የማድረግ ግዴታ አለበት ይላል። ሀብት በፍትሐዊ መንገድ የሚከፋፈልበትን ሁኔታም እንዲያመቻች ያዛል። ግዴታ ነው ያለው፣ ልብ በሉ። «ቢቻል» አላለም።

ታዲያ መንግሥት በእኔ ዕድሜ ይሄን ግዴታ እንዴት ሊወጣ ሞከረ ብዬ ሳስብ ሦስት ነገሮች ይመጡብኛል። ገመድ፣ ፕላዝማና ዕጣ።

ገመዱ የመጣው በ1989 ዓ.ም. ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አማራ ክልል መሬት ሲሸነሸን የነበረበት ጊዜ ነው። መሬት በ1967ቱ አዋጅ የሕዝብ ከሆነ ቆይቷል፣ ያንን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ግን ማን ምን ያህል ይዟል የሚለው ጥያቄ እንደገና ተነሣ። ሰዎች ገመድ ይዘው መጡ። አንዱ ጫፉን ይይዛል፣ ሌላው እየጎተተ ይሄዳል፣ ሦስተኛው ደብተር ላይ ይጽፋል። እኛ ልጆች ገመዱን ተከትለን እንሮጣለን፤ ለእኛ ጨዋታ ነበር።

አያቴ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ነበሩ። ስለዚህ «ቢሮክራት» ተባሉ። ቢሮክራት ቢሮ ያለው ሰው ይመስለኝ ነበር በኋላ ሳድግ። አያቴ ከሁለት በሬ በቀር ምንም ቢሮ አልነበራቸውም። መሬታቸው ተቆርሶ አራት ጥማድ ቀረላቸው። አክስቴ ደግሞ የአያቴ ልጅ ናት፣ ባሏን የፈታች፣ ልጅ ያዘለች። ከእናት ካባቷ ቤት ተጠግታ የምትኖር። በዚያው ሽንሸና ለመጀመሪያ ጊዜ በስሟ መሬት ተሰጣት። ከሌላ ሰው ተቆርሶ።

እንግዲህ አስቡት። በአንድ ጣሪያ ሥር አባት ያለቅሳሉ፣ ልጅ እልል ልትል ፈልጋ አፏን በነጠላዋ ይዛለች።

እኔ ያንን ነገር እስከ ዛሬ መውደድም መጥላትም አቅቶኛል። አያቴ ተበድለዋል። ለምን ቢባል፣ መሬቱ የተቆረሰው ብዙ ስላላቸው ብቻ አይደለም፤ ትናንት ማንን አገለገሉ ተብሎ ነው። ገመዱን የያዘው ሰው ማንን እንደሚወድና ማንን እንደሚጠላ ቀበሌው ሁሉ ያውቃል። በሌላ በኩል አክስቴ ያቺን መሬት ባታገኝ ኖሮ ልጇ የሰው ከብት እረኛ ነበር የሚሆነው። ዘጠነኛ ክፍል ብሎ ነገር የለም። ከእኔ ጋር ያቺን ጓዳ የተከራየው፣ የእሱን ድርሻ ኪራይ የከፈለው፣ በዚያ ጤፍ ነው። መንግሥት ጣልቃ ሲገባ ምንም አይፈይድም ለሚሉኝ ሰዎች የአክስቴን ጤፍ እነግራቸዋለሁ። መንግሥት ሁሉን ያስተካክል ለሚሉኝ ደግሞ የአያቴን እንባ።

ሁለተኛው ፕላዝማ ነው። የእኔ ዘመን ልጆች አሁኑኑ እየሳቃችሁ ነው፣ አውቃለሁ።

ላልደረሳችሁበት፣ በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ነው የጀመረው። በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ፣ በየክፍሉ ትልቅ ስክሪን ተሰቀለ። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል። ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ነው፣ በእንግሊዝኛ። አዲስ አበባ ያለው ልጅ፣ ጂጂጋ ያለው ልጅ፣ እኛ ከተማ ያለው ልጅ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ደቂቃ፣ ያንኑ ትምህርት ያያል። ከዚህ የበለጠ እኩልነት ከየት ይመጣል? ሐሳቡን ያመጣው ሰው ክፉ ሰው አይመስለኝም። ደህና መምህር ለሁሉም ማዳረስ ካልቻልን አንዱን ደህና መምህር ለሁሉም እናሳይ ነው ነገሩ።

ሲሠራ ምን ይመስላል? መምህራችን በሩ ጋ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ስክሪኑ ይበራል። ሰውዬው ይመጣል፣ ሱፍ ለብሶ፣ እንግሊዝኛው እንደ ውሃ የሚፈስ። ጥያቄ ይጠይቃል። ዝም ይላል ለትንሽ ሰከንድ። እኛም ዝም እንላለን፣ ጥያቄው አልገባንማ። ከዚያ ፈገግ ብሎ «ቬሪ ጉድ!» ይለናል። ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። ስድሳ ልጅ ምንም ሳይመልስ ቬሪ ጉድ!

መብራት ከጠፋ ደግሞ አለቀ። ፕላዝማው አይጠብቅም። ዛሬ ያመለጠህ የኬሚስትሪ ምዕራፍ ነገ ከሚቀጥለው ይቀጥላል። መብራት የማይጠፋበት ከተማ ያለው ልጅ አንድ ምዕራፍ ቀደመህ ማለት ነው። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተማረው ደግሞ ሰውዬው የሚለው ይገባዋል። እኛ እስከ ስምንተኛ በአማርኛ ነው የተማርነው። ስክሪኑ እኩል ነው። ከስክሪኑ ፊት የተቀመጥነው ግን እኩል አልነበርንም።

እና የአክስቴ ልጅ ሰኞ ጠዋት፣ ስምንት ሰዓት መንገድ ዓርብና እሑድ የሄደ ልጅ፣ ያንን ስክሪን እያየ ያንቀላፋል። ማንም አይቀሰቅሰውም። ሰውዬውም «ቬሪ ጉድ» ይለዋል።

አንዴ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። ከጥር መጨረሻ እስከ ግንቦት መጨረሻ አሥራ ሰባት ሳምንት ነው። አንዱ ሳምንት ደርሶ መልስ ስምንት ሰዓት። አሥራ ሰባት ጊዜ ስምንት፣ 136 ሰዓት። የቅዳሜውን አረም ሳልጨምር ነው። እሱ 136 ሰዓት በእግሩ ሄደ፣ ግማሹን የእኔን እንጀራ ተሸክሞ። እኔ በዚያ 136 ሰዓት አነበብኩ።

በቀደም አንድ ወዳጄ ጋ ስናወራ «አንተ ስለለፋህ ነው ያለፍከው፤ መንግሥት ሁሉንም ልደግፍ ካለ ማን ይለፋል?» አለኝ። ሰነፍ ይበረታታል ነው ነገሩ። አከብረዋለሁ፣ ጥያቄው ተራ ጥያቄ አይደለም። ሲደግፉት የሚተኛ ሰው አለ፣ አይቻለሁ። ግን ልፋት ከሆነ መለኪያው፣ ዩኒቨርሲቲ መግባት የነበረበት ማን ነው? ይሄን ስለው ቡናውን አማሰለ። ስኳር አልጨመረበትም ነበር።

እሺ፣ ሦስተኛው። ዕጣ።

በ2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የጋራ መኖሪያ ቤት ምዝገባ ተካሄደ። ኮንዶሚኒየም። 10/90፣ 20/80፣ 40/60፤ ፊተኛው ቁጥር ተመዝጋቢው ራሱ የሚቆጥበው መቶኛ ነው፣ ኋለኛው የባንክ ብድር። ከ900 ሺህ ሰው በላይ ተመዘገበ። መሥሪያ ቤታችን ያለች አንዲት ጸሐፊ ባለአንድ መኝታ ተመዝግባ በየወሩ 274 ብር ትቆጥብ ነበር። ደመወዝ በገባ ማግስት ምሳ ሰዓት ላይ ሄዳ ትሰለፋለች። የባንክ ደብተሯ ከመገላበጥ ብዛት ጠርዙ ተልጦ ነበር። ዕጣ በወጣ ቁጥር ጋዜጣው ላይ ጣቷን እያስኬደች ስሟን ትፈልጋለች። የእሷን ስም የያዘች ሌላ ሴት ወጥቶላት አንድ ቀን ሙሉ ተደስታ፣ በማግስቱ የአያት ስም የተለየ መሆኑን አየች።

ዕጣው ራሱ ያለ እርማት አይደለም። 30 በመቶ ለሴቶች፣ 20 በመቶ ለመንግሥት ሠራተኞች፣ 5 በመቶ ለአካል ጉዳተኞች ተብሎ ይመደባል። ደህና ነው። ግን ዕጣ ማለት ምን ማለት ነው? መንግሥት «ያለኝ አይበቃችሁም፣ ማንን እንደምጠቅም መምረጥም አልፈልግም፣ ፈጣሪ ይምረጥ» ሲል ነው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ከ25 ሺህ በላይ ቤት ዕጣ ወጣ ተባለ፣ ሰው እልል አለ። ቀናት ሳይቆይ የተመዝጋቢዎቹ መረጃ ላይ ችግር ተገኘ ተብሎ ተሰረዘ። ከዚያ እንደ አዲስ ወጣ። እልል ያሉት ሰዎች ምን ተሰማቸው? አንዱን ታክሲ ውስጥ ሰምቼዋለሁ፣ «ዕድሌ እንኳ ተሰረዘ» ነበር ያለው። ዕድል ይሰረዛል እንዴ? እዚህ አገር ይሰረዛል።

ደግሞ የደረሰውና ያልደረሰው ትናንት ጎን ለጎን ተሰልፈው የቆጠቡ ናቸው። ዛሬ አንዱ ሚሊዮኖች የሚያወጣ ቤት አለው፣ ሌላው ኪራይ በየስድስት ወሩ ይጨመርበታል። ልጆቻቸው ደግሞ ከዚያ ይቀጥላሉ። እኩልነትን ለማምጣት የተሠራ ነገር አዲስ ልዩነት ወለደ። ኮንዶሚኒየም ባይሠራ ይሻል ነበር እያልኩ አይደለም፤ ስንቱ ቤት ያገኘበት ነው። ዕጣ ግን ፖሊሲ አይደለም ባይ ነኝ።

ግብርን እዚህ ላይ በአጭሩ ላንሳው፣ ደመወዝተኞች ስለምትሰሙኝ። ድሃና ሀብታሙን ለማቀራረብ መንግሥት ካለው እጅ አንዱ እሱ ነው ይባላል። በ2008ቱ አዋጅ 35 በመቶ የሚጀምረው ከ10,900 ብር በላይ ነበር። ዶላር ሀያ ምናምን ብር በነበረበት ጊዜ የወጣ ነው። ብሩ ወረደ፣ ኑሮ ናረ፣ መስመሩ ግን እዚያው ተቸንክሮ ስንት ዓመት ቆየ። በ2017 ዓ.ም. ተሻሻለ፤ እስከ 2,000 ብር ነፃ ሆነ፣ 35 በመቶው ከ14,000 ብር በላይ ሆነ። ትንሽ ትንፋሽ ነው። ግን 15 ሺህ የሚያገኘው መምህርና 500 ሺህ የሚያገኘው ሥራ አስኪያጅ የመጨረሻ መቶኛቸው አንድ ነው። የመምህሩ ደግሞ ገና እጁ ሳይገባ ይቆረጣል። ደረሰኝ የማይቆርጠው ነጋዴ ግብሩን ተከራክሮ ነው የሚከፍለው። መንግሥት የሚወስደው ከሚታየው ሰው ነው። ይበቃል፣ ስለ ግብር ካወራሁ አላቆምም።

ወደ ፈተና ልመለስ፣ ምክንያቱም ዛሬ ማውራት የፈለግሁት ስለ እሱ ነው።

የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ የት እንደነበራችሁ ታስታውሳላችሁ? እኔ ቢሮ ነበርኩ። ተማሪዎቹ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ነው የተፈተኑት፣ ኩረጃ እንዳይኖር። ወደ 900 ሺህ ልጅ ተፈተነ። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ። ሠላሳ ሺህ አይሞላም። በሚቀጥለው ዓመት 3.2 በመቶ። በዚያ ዓመት 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። አንድም።

ኩረጃው መቆሙን እደግፋለሁ፣ በሙሉ ልቤ። ሐሰተኛ ውጤት ለማንም አይጠቅምም። ግን አንዳንድ ሰው ያንን ቁጥር አይቶ «ትውልዱ ሰነፈ» አለ። እኔ አልዋጥልህ አለኝ። አንድ ልጅ ሲወድቅ ስንፍናው ነው እንበል። ሁለት ልጅ ሲወድቅም እንበል። ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤት ከነሙሉ ልጁ ሲወድቅ ግን ስንፍና ነው ማለት ይከብዳል። ሰነፍ ልጆች ተጠራርተው አንድ ትምህርት ቤት አይመዘገቡም። እንዲያውም በየዓመቱ ከፍተኛ ውጤት ከሚያመጡት ውስጥ አዳሪ ትምህርት ቤቶቹን ተመልከቱ። ተመርጠው የገቡ ጎበዝ ልጆች ናቸው፣ እሺ። ግን እዚያ ልጁ ይበላል፣ አልጋ አለው፣ ማታ መብራት አለው። ስንቅ አያመላልስም። ቅዳሜው የራሱ ነው።

ይኸው ነው እንግዲህ እኔ የምለው። እኩል ዕድል ሲባል መንግሥት አንድ ዓይነት ስክሪን፣ አንድ ዓይነት መጽሐፍ፣ አንድ ዓይነት ፈተና ሲሰጥ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። የሚለየን ግን ዓርብ ከሰዓት ነው። ያ ስክሪን ከመሰቀሉ በፊት ለእኛ ትምህርት ቤት ሁለት ረጃጅም ክፍል የመኝታ ቤትና አንዲት እንጀራ የምትጋግር ሴት ቢቀጠር ኖሮ፣ የአክስቴ ልጅ ዛሬ መሐንዲስ ነበር። ይሄን ስል ውድ ነገር እየጠየቅሁ አይደለም። ጭቃና ቆርቆሮ ነው፣ ጤፉን እናቶቻችን ያዋጡ ነበር። አዲስ አበባ ላይ አሁን የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ቁርስና ምሳ ይበላሉ፣ ደብተርና ዩኒፎርም ይሰጣቸዋል። ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። ያንን ምገባ ያሰበው ሰው ርቦት ያውቃል ብዬ እገምታለሁ።

አሁን ደግሞ ራሴን ላጋልጥ፤ ዝም ብዬ መንግሥትን ብቻ ስወቅስ ደስ አይልም። የእኔ ልጅ የሚማረው የግል ትምህርት ቤት ነው። ማክሰኞና ሐሙስ አስጠኚ ይመጣለታል። ሒሳብ ሲከብደው ገንዘብ ከፍዬ አቀልለታለሁ። አምፖላችን ሲጠፋ ባትሪ አለ። ልጄ አንድ ቀን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲፈተን እኔ ከተውኩት ቀበሌ ከመጣ ልጅ ጋር አንድ ወረቀት ላይ ይፈተናል። ቢያልፍ «ጎበዝ ልጄ» ነው የምለው። የአስጠኚውን ደመወዝ የማነሳ አይመስለኝም።

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ደወለ። ሚስትና አራት ልጆች አሉት፣ ያቺን የአክስቴን መሬት ያርሳል። ሰላምታው አያልቅም፤ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ ማዳበሪያው። ማዳበሪያ ላይ ትንሽ ረገመ። ከዚያ ዝም አለ።

«አንተ ልጅ» አለኝ፣ «ትልቋ ስምንተኛን ጨርሳ ተቀምጣለች። ትምህርት ቤቱ በጸጥታው ምክንያት እንደተዘጋ ነው። ራሷ ደህና ናት፣ በሒሳብ። አንተ ዘንድ ትሁን?»

በሒሳብ ደህና ናት ሲለኝ መሬት ላይ የሚጭረው እንጨት ታየኝ።

«ስንቋን እልካለሁ» አለ ደግሞ። ስንቋን እልካለሁ! ለእኔ! ምን ብዬ እንደመለስኩለት አላስታውስም። ባለቤቴ ሳህን እያጠበች ትሰማ ነበር። እጇን አደራርቃ መጣችና «የልጁ ክፍል ውስጥ አንድ አልጋ ይገባል፣ ቁም ሳጥኑ ከወጣ» አለች።

ቁም ሳጥኑን አውጥተናል። አልጋው ትናንት መጣ፣ አንድ ሜትር በ1.90። መንገዱ ሲከፈት በአውቶቡስ ትመጣለች። ዕድለኛ ናት አይደል? አባቷ የእኔን እንጀራ ስለተሸከመ።

ከእሷ በታች አንድ ወንድም አላት። ሰባተኛ ክፍል። ስልኩን ተቀብሎ «ጋሼ፣ እኔስ?» አለኝ። ክፍሉን በሜትር ለክቼዋለሁ። ሁለተኛ አልጋ አይገባም።

ጄኔሬተሩ ቆመ፣ ሰማችሁ? መብራት መጣ መሰለኝ። ቻርጅ ላድርግ። ደህና ሁኑ።